የመድኃኒት ዕፅዋትን በቲሹ ካልቸር ማራባት

ቲሹ ካልቸር ከአንድ ተክል የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ከባክቴሪያና ከሻጋታ ነጻ በሆነ ዕቃ ውስጥ፣ በተመጣጠነ የምግብ ውህድ ላይ አድጎ ብዙ አዳዲስ ተክሎች እንዲሰጥ የሚያደርግ የማራቢያ ዘዴ ነው። ዘዴው በተለይ የሚጠቅመው በዘር ለመራባት አስቸጋሪ ለሆኑ፣ ቀስ ብለው ለሚያድጉና በቁጥር እየተመናመኑ ላሉ ዕፅዋት ነው። በኢትዮጵያ ኮሶ፣ እንሰት፣ ኮረሪማ፣ ሽፈራውና ሌሎችም ለምግብና ለመድኃኒት የሚውሉ ተክሎች በዚህ ዘዴ ተሞክረዋል። እነዚህ አራት ተክሎች በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ሕዝብ ኑሮ ውስጥ የታወቁ ስለሆኑ ይህ መጣጥፍ በዚያ አካባቢ ላይ ያተኩራል።

የአካባቢው ሁኔታ

ጋሞ ዞን የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲሆን ዋና ከተማው አርባ ምንጭ ነው። ዞኑ የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የተቋቋመ ነው። አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ መንገዱ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ሲወጣ የአየሩ ጠባይ በፍጥነት ይለወጣል። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የጉጌ ተራራ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላል።

በዚህ የከፍታ ልዩነት ምክንያት በአንድ ዞን ውስጥ በጣም የተለያዩ ዕፅዋት ይበቅላሉ። በቆላው ሽፈራው በየጓሮው ይተከላል። በወይና ደጋውና በደጋው እንሰት ዋና ተክል ነው። በከፍተኛው ደጋ ቀርከሃ፣ ጥድና ኮሶ ይገኛሉ። ኮረሪማ ጥላና እርጥበት ባለው ደን ሥር የሚበቅል ሲሆን የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ከታወቁት የኮረሪማ አካባቢዎች አንዱ ነው።

በጋሞ ደጋማ ቦታዎች በማኅበረሰቡ ባህል የሚጠበቁ ቅዱስ ደኖች አሉ። በእነዚህ ደኖች ዛፍ መቁረጥ እንደ «ጎሜ» ይቆጠራል። ጎሜ በባህሉ የተከለከለ ነገርን መተላለፍና ከዚያም የሚመጣ መዓት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በዙሪያቸው ያለው መሬት ታርሶ ሳለ ደኖቹ ብዙ አገር በቀል ዛፎችን ይዘው ቆይተዋል። ለማራባት ሥራ የሚያስፈልጉ ጤናማ እናት ዛፎችም የሚገኙት በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

የመመናመን ምክንያት

አንድ የመድኃኒት ተክል የሚጎዳበት መጠን የሚወሰነው ከተክሉ በሚወሰደው ክፍል ነው። ቅጠል ሲቀጠፍ ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ሲቆፈር ግን ተክሉ ራሱ ይጠፋል። ግንዱን ዙሪያውን ቅርፊቱን የተላጠ ዛፍም ከቅጠሉ የሚወርደው ምግብ ወደ ሥሩ ስለማይደርስ ቆሞ ይደርቃል።

ሥሩ ለጭስና ለልዩ ልዩ ሕመም የሚውለው ቀበሪቾ፣ እንዲሁም ሥሩ ለድንገተኛ ሕመም የሚታኘከው ድንገተኛ፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ተክሎች ሲሆኑ ለገበያ የሚቀርቡት ተቆፍረው ነው። ጥቁር እንጨት ደግሞ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት እጢ ማበጥ መድኃኒት ስለሚውል በአፍሪካ ደኖች በብዛት ተልጧል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም ንግዱ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ኮሶን የጎዳው በዋናነት የእንጨት ፍላጎትና የእርሻ መስፋፋት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር።

የዘዴው ታሪክ

ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጎትሊብ ሃበርላንት እ.ኤ.አ. በ1902 አንድ የተክል ሕዋስ ብቻውን ሙሉ ተክል የመሆን ችሎታ ሊኖረው እንደሚገባ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሙከራ እስኪረጋገጥ ግን ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ፎልክ ስኩግና ካርሎስ ሚለር ሥርና ቀንበጥ የሚወጡት በሁለት ሆርሞኖች መጠን ንጽጽር መሆኑን አሳዩ። ኦክሲን የተባለው ሲበዛ ሥር ይወጣል፤ ሳይቶካይኒን የተባለው ሲበዛ ቀንበጥ ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ቶሺዮ ሙራሺጌና ፎልክ ስኩግ በትምባሆ ሕዋስ ላይ ሲሠሩ የቀመሩትን የምግብ ውህድ አሳተሙ። ይህ ውህድ በስማቸው «ሙራሺጌና ስኩግ» ወይም በአጭሩ «ኤም ኤስ» ይባላል። ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ውህዶች አንዱ ነው። በፈረንሳይ ጆርጅ ሞሬል እ.ኤ.አ. በ1960 ኦርኪድ የተባለውን አበባ በዚህ መንገድ ማብዛት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ዘዴው ወደ ንግድ ገባ።

አሠራር

ሥራው በአምስት ደረጃ ይከፈላል።

1. እናት ተክል መምረጥ። ጤናማና የሚፈለገው ባሕርይ ያለው ተክል ይመረጣል። ከተቻለ ተክሉ ለተወሰነ ጊዜ በመጠለያ ውስጥ ይቀመጣል። በሜዳ ያለ ተክል አቧራና ሻጋታ ስለሚበዛበት ቁራጩን ማጽዳት ከባድ ነው።

2. ማጽዳትና ማስጀመር። የቀንበጥ ጫፍ ወይም እንቡጥ ያለበት የግንድ አንጓ ይቆረጣል። ቁራጩ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በ70 በመቶ አልኮል ለአጭር ጊዜ ይነከራል፣ ቀጥሎም በተበጠበጠ በረኪና ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በተጣራና በተቀቀለ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። በረኪናው ከበዛ ቁራጩ ይሞታል፤ ካነሰ ሻጋታው ይተርፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተክል ልኩ በሙከራ ይገኛል። ቁራጩ ወደ ጠርሙስ የሚገባው የተጣራ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

የምግብ ውህዱ የማዕድን ጨዎችን፣ ቫይታሚኖችን፣ ሆርሞኖችንና ስኳርን ይይዛል። በአንድ ሊትር 30 ግራም ስኳር የተለመደ ነው። ስኳር የሚጨመረው ቁራጩ ገና ራሱን ችሎ ከብርሃን በቂ ምግብ ስለማይሠራ ነው። ውህዱ እንዲረጋ ከባሕር አልጌ የሚሠራ አጋር የተባለ ዱቄት ይጨመርበታል። የአሲድነት መጠኑ ወደ 5.8 ከተስተካከለ በኋላ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በእንፋሎት ግፊት ይቀቀላል።

3. ማብዛት። ሳይቶካይኒን ባለበት ውህድ ላይ አንዱ ቀንበጥ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። በየአራት ሳምንቱ ገደማ ቀንበጦቹ ተነጣጥለው ወደ አዲስ ጠርሙስ ይዛወራሉ። የማደጊያ ክፍሉ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በቀን 16 ሰዓት መብራት ይበራል።

4. ሥር ማስያዝ። ቀንበጦቹ ኦክሲን ወዳለበትና ብዙ ጊዜ ማዕድኑ በግማሽ ወደተቀነሰ ውህድ ይዛወራሉ።

5. ማላመድ። ሥር የያዘው ችግኝ ከጠርሙስ ወጥቶ ወደ አፈር ይገባል። በጠርሙስ ውስጥ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ የችግኙ ቅጠል ውሃ የሚይዝበት የሰም ሽፋን ስስ ነው። ቀዳዳዎቹም በደንብ አይዘጉም። በድንገት ወደ ደረቅ አየር ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ስለዚህ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለጥቂት ሳምንታት ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይከፈትለታል።

የቁጥር ምሳሌ

የዘዴው ኃይል በማባዛት ላይ ነው። አንድ ቀንበጥ በየአራት ሳምንቱ አራት ቀንበጥ ቢሰጥ ከስድስት ዙር ወይም ከ24 ሳምንት በኋላ 4,096 ቀንበጦች ይገኛሉ። ሆኖም በእያንዳንዱ ዙር ከአምስቱ አንዱ በብክለት ቢጠፋ ውጤቱ ወደ 1,074 ይወርዳል። ከእነዚህ 80 በመቶው ብቻ ሥር ቢይዝ፣ ሥር ከያዙትም 60 በመቶው ብቻ ከአፈር ጋር ቢላመድ በመጨረሻ የሚቀረው 515 ችግኝ ያህል ነው። ይህ ለማስረዳት የተወሰደ ስሌት ነው። ንጽሕናና ማላመድ የሥራውን ውጤት ምን ያህል እንደሚወስኑ ያሳያል።

በኢትዮጵያ የተሞከሩ ዕፅዋት

ኮሶ። የኮሶ ዛፍ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ደጋ ይበቅላል። የሴቴው ዛፍ አበባ ለረጅም ዘመን የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ሲጠጣ ኖሯል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ መርዛማ ነው፤ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ጥላዬ ፈይሳ፣ ማርጋሬታ ቬላንደርና ለገሠ ነጋሽ ኮሶን በቲሹ ካልቸር የማራባት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ከዘር የበቀለ ችግኝ ጾታው የሚታወቀው አድጎ ሲያብብ ነው። ከሴቴ ዛፍ ቁራጭ የተራባ ችግኝ ግን ሴቴ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ይታወቃል። ይህ ዘር ሊሰጠው የማይችል ጥቅም ነው።

እንሰት። እንሰት በአብዛኛው የሚታወቀው በምግብነቱ ቢሆንም በብዙ የእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ለስብራትና ለወለምታ ተለይተው የሚያዙ ዓይነቶች አሉ። የእነዚህ አምቾ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ለታመመው ሰው ይሰጣል። በየጓሮው የሚተከሉት በትንሽ ቁጥር ስለሆነ አንድ በሽታ ሊያጠፋቸው ይችላል። ዋናው ስጋት እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ መኖሩ በሳይንስ የተመዘገበው የእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በቢላዋና በሌላ መቁረጫ ጭምር ይተላለፋል።

ገበሬው እንሰትን የሚያራባው የአምቾውን መካከለኛ እንቡጥ ቆርጦ በማውጣትና አምቾውን በመቅበር ነው። እንቡጡ ሲወገድ በዙሪያው ብዙ ፍል ይወጣል። በቲሹ ካልቸርም ያው ችግር ያጋጥማል፤ መካከለኛው ጫፍ ብቻውን እያደገ ሌሎቹን ያፍናል። አልማዝ ነጋሽና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ገነት ቢርመታና ማርጋሬታ ቬላንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የእንሰት ማራቢያ ዘዴዎችን አሳትመዋል። የሁለተኛው ዘዴ ቁልፍ የማደጊያ ጫፉን ሆን ብሎ ማቁሰል ነው። ገበሬው በአምቾ ላይ ከሚያደርገው ጋር በመርህ አንድ ነው።

ኮረሪማ። ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ሲሆን ፍሬው ለቅመምና ለሆድ ሕመም ይውላል። ዘሩ በቀላሉ አይበቅልም፤ በመሬት ውስጥ ያለውን ግንድ ከፋፍሎ መትከል ደግሞ ጥቂት ችግኝ ብቻ ይሰጣል። ወንድይፍራው ተፈራና ሱራዊት ዋናክራይሮጅ በታይላንድ ካሴትሳርት ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት የማራቢያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል።

ሽፈራው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በኮንሶና በደራሼ የሚበቅለው አገር በቀሉ ሽፈራው በአካባቢው ሃሌኮም ይባላል። ከህንድ ከመጣው የሽፈራው ዓይነት የተለየ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይቀቀላል፣ ኩርኩፋ ከተባለው የእህል ምግብ ጋርም ይበላል። በባህላዊ ሕክምና ለሆድ ሕመምና ለደም ግፊት ይጠቀሙበታል። ከቀንበጥ ጫፍ በቲሹ ካልቸር ስለማራባቱ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ጥናት አሳትመዋል።

ሌሎች። እንዶድ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ኮሎራዶ በቲሹ ካልቸር መራባቱ ተዘግቧል። ቀበሪቾም በኢትዮጵያ ተሞክሯል።

ለየትኛው ተክል ያስፈልጋል?

ቲሹ ካልቸር ለሁሉም ተክል የተሻለ ዘዴ አይደለም። ሽፈራው በዘርም በግንድ ቁራጭም በቀላሉ ይበቅላል። ለእሱ ዘዴው የሚጠቅመው የተመረጠን አንድ ዛፍ ሳይለወጥ ማብዛት ሲፈለግ ነው። ጤና አዳምና ዳማ ከሴም በጓሮ በቀላሉ ስለሚራቡ ቤተ ሙከራ አያስፈልጋቸውም።

ዘዴው ወጪውን የሚያካክሰው ከሚከተሉት አንዱ ሲኖር ነው፦

- የቀሩት እናት ተክሎች በጣም ጥቂት ሲሆኑ
- ዘሩ ሳይበቅል ሲቀር፣ ወይም እንደ ጥቁር እንጨት ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የማይቆይ ሲሆን
- የሚፈለገው ጾታ ወይም ዓይነት በዘር የማይረጋገጥ ሲሆን
- የመትከያው ክፍል በሽታ የሚያስተላልፍ ሲሆን

በዚህ መለኪያ ከጋሞ ዕፅዋት መካከል ኮሶ፣ ኮረሪማና ለመድኃኒት የሚያዙ የእንሰት ዓይነቶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚችሉ ናቸው።

ችግሮችና ገደቦች

መጥቆር። የመድኃኒት ዕፅዋት ብዙ ጊዜ ፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይበዙባቸዋል። ቁራጩ ሲቆረጥ እነዚህ ከአየር ጋር ተገናኝተው ይጠቁራሉ፤ ውህዱንም ይመርዛሉ። እንሰት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መፍትሔው ቁራጩን ቶሎ ቶሎ ማዛወር፣ የከሰል ዱቄት ወይም ቫይታሚን ሲ መጨመርና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጨለማ ማቆየት ነው።

ወጪና መብራት። ሆርሞንና አጋር ከውጭ የሚገቡና ውድ ናቸው። በኢትዮጵያ በአናናስ ላይ በተደረገ ሙከራ ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በአጋር ምትክ ማርጊያ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ቡላ በጋሞ በቀላሉ የሚገኝ ነው። ሆኖም የረጋው ቡላ እንደ አጋር ጥርት ያለ ስላልሆነ ብክለትን ቶሎ ለማየት አይመችም። የኤሌክትሪክ መቋረጥም የማደጊያ ክፍሉን ሙቀትና ብርሃን ያዛባል።

ከፍታ። ሞቃት በሆነችው አርባ ምንጭ የተራባ የኮሶ ችግኝ የሚተከለው በቀዝቃዛው ደጋ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማላመድ በጨንቻ ወይም በሌላ ደጋማ ቦታ ባለ ችግኝ ጣቢያ ቢካሄድ ይመረጣል።

የዝርያ ስብጥር። ከአንድ ተክል የተራቡ ችግኞች ሁሉ ክሎን ናቸው፤ በዘረ መል አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። በኮሶ ደግሞ ሴቴ ክሎኖች ብቻ ከተተከሉ በአቅራቢያ ወንዴ ዛፍ ከሌለ ዘር አይገኝም። ከአንድ ዛፍ 1,000 ችግኝ ከማውጣት ከ50 ዛፎች ሃያ ሃያ ማውጣት ለጥበቃ የተሻለ ነው። በኮሶ ላይ የዘረ መል ስብጥር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ጥናት እናት ዛፎችን ከየት ከየት መሰብሰብ እንደሚገባ ይጠቁማል።

የመድኃኒት ይዘት። ችግኙ ከእናቱ ጋር በዘረ መል አንድ ቢሆንም የሚይዘው የመድኃኒት ንጥረ ነገር መጠን በአፈር፣ በከፍታና በዕድሜ ይለያያል። በተጨማሪም ካለስ ከተባለ ቅርጽ አልባ የሕዋስ ክምችት የሚወጡ ችግኞች አንዳንዴ ከእናታቸው የተለዩ ይሆናሉ። ከእንቡጥ በቀጥታ የሚወጡት ግን ይበልጥ የተረጋጉ ናቸው። ስለዚህ ለመድኃኒት የሚሆን ተክል ከመሰራጨቱ በፊት በኬሚካል ምርመራ መፈተሽ አለበት።

አንዳንድ ጊዜ ተክሉን ሳይተክሉ መድኃኒቱን ብቻ ከሕዋሱ ማግኘትም ይቻላል። ፓክሊታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ ይገኝ የነበረው ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ ነበር። ዛሬ በትላልቅ ጋኖች ውስጥ ከሚራቡ የዛፉ ዘመድ ሕዋሳት ጭምር ይመረታል።

የማኅበረሰብ ዕውቀትና መብት

የትኛው ተክል ለምን እንደሚውል ያወቀውና ተክሉን ጠብቆ ያቆየው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ይህ ዕውቀት የሚያስገኘው ጥቅም የማን ነው የሚለው ጥያቄ በእንዶድ ታሪክ በግልጽ ታይቷል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት ተክሉ ለቢልሃርዚያ መከላከያ ሊውል እንደሚችል አሳየ። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሌላ የውሃ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ላይ ለመጠቀም የፓተንት መብት በማግኘቱ ክርክር ተነሥቷል።

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረ መል ሀብትን ለማግኘት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ በማኅበረሰብ ዕውቀት ለመጠቀም ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ተነግሮት መስማማት እንዳለበትና ከጥቅሙም መካፈል እንዳለበት ይደነግጋል። በቲሹ ካልቸር ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ደን የወጣች አንዲት ቅንጣት ቀንበጥ በሌላ አገር ሚሊዮን ተክል ልትሆን ትችላለች።

ዘዴው የተክልን ቁጥር ያበዛል እንጂ የሚበቅልበትን ደን አይተካም። ከጠርሙስ የወጣ የኮረሪማ ችግኝ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ያስፈልገዋል። የኮሶ ችግኝም ከግጦሽና ከመጥረቢያ የሚጠብቀው ይሻል። በመሆኑም ቲሹ ካልቸር በጥበቃ ሥራ ውስጥ የሚታየው ከቅዱስ ደኖች፣ ከጓሮ ተክልና ከዘር ባንክ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ መንገድ ሆኖ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ኮሶ
- እንሰት
- ኮረሪማ
- ሽፈራው
- እንዶድ
- አርባ ምንጭ
- ጋሞ ዞን